ደሴ ሁለት ቀን ልንቆይ ነው፤ ከፒያሳ ሌላ የት የት ሰፈር እንሂድ?

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት! ወደ ላሊበላ በመኪና ልንሄድ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ ሁለት ጓደኞቼና አክስቴ። እሑድ መስከረም 18 ማታ ደሴ ገብተን፣ ረቡዕ 21 ጠዋት ለመውጣት አስበናል። ማንንም ብጠይቅ «ደሴ ደግሞ ምን አላት? እደሩባትና ቀጥሉ» ነው የሚለኝ። እኔ ግን ከተማን በእግሬ ካልዞርኩ ያየሁት አይመስለኝም።

ሐውልትና ቢሮ አልፈልግም፤ ሰው የሚኖርበትን፣ ቡና የሚፈላበትን ሰፈር ማየት ነው የምፈልገው። የቱ ሰፈር ለእግር ይመቻል? አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አትችልም። አንዷ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ ሁላችንም አንድ ገበታ ላይ የምንበላበት ቦታ ጠቁሙን። ደግሞ አንድ ሰው «ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ እደሩ» ብሎኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የሙጋድ ልጅ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን አስተካክዪ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው! ተሳላሚው ከየአገሩ ደሴ ላይ ነው የሚያርፈው። በዚያ ሰሞን አልጋ ማግኘት ዕድል ነው፤ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። መንገዱም በአውቶቡስ ይሞላል። ግሸን መሳለም ካላሰባችሁ ሳምንት አዘግዩት። ካሰባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ አልጋ ያዙ።

ወደ ሰፈሩ ልምጣ። «ደሴ ምን አላት» የሚለው ሰው ዋናውን አስፋልት ብቻ ያየ ነው። እዚያ ላይ ባጃጅ፣ ባንክና የስልክ ሱቅ ነው ያለው፤ የትም አገር አለ። ደሴ ያለችው ከአስፋልቱ ወደ ላይና ወደ ታች በሚገቡት ቅያሶች ውስጥ ነው። ቦታው ጠባብ፣ ዙሪያው ተራራ፣ ስለዚህ ቤቱ እየተደጋገፈ ወደ ዳገቱ ወጥቷል። የአንዱ ደጅ ከሌላው ጣሪያ እኩል የሆነበት ቦታ ታያላችሁ።

ለአክስትሽ የሚሆነው ከፒያሳ ተነስቶ በሙጋድ አድርጎ ወደ ዓረብ ገንዳ መሄድ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሲደክማችሁ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ተቀመጡ። ፒያሳ ላይ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች አሁንም አሉ፤ ቀና ብላችሁ ካላያችሁ ግን ከማስታወቂያው ጀርባ ተደብቀው ያልፏችኋል።

መልስ፦ እሙ ሐያት

አብሽሪ እህቴ፣ ስለ ምግቡ አታስቢ። ወሎ መጥቶ «አብረን የት እንብላ» ብሎ የሚቸገር ሰው የለም። ሥጋ ከሆነ የሙስሊም ምግብ ቤት ሌላ፣ የክርስቲያኑ ሌላ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። እኛ ግን አብረን ስንወጣ ፉል፣ ሽሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል እናዛለን፣ አለቀ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አክስትሽ ስለምትጾም ጓደኛሽም አብራት ሽሮዋን ትብላ፣ ምን ቸገራት!

ዓረብ ገንዳና ሸዋ በር ስትሄዱ ከአስር ሶላት በኋላ አድርጉት። ቀን ቀን ሰዉ ሥራ ላይ ነው፣ ሰፈሩ ጭር ይላል። አመሻሽ ላይ ግን ልጆች መንገድ ላይ ይወጣሉ፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱት ምድጃቸውን ያወጣሉ፣ ከየቤቱ የዕጣን ሽታ ይመጣል። ደጅ ላይ የተቀመጡ እናቶች ካያችሁ ሰላምታ አትንፈጉ። «እንዴት ዋላችሁ» ካላችሁ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» መባላችሁ አይቀርም። አንድ ጊዜ ለይሉኝታ እምቢ በሉ፣ ሁለተኛ ሲሏችሁ ግቡ። አቦል ጠጥቶ መነሳት ግን የለም፤ እስከ በረካው ጠብቁ፣ ምርቃቱ እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ቤት በጨው ይሆናል፤ ስኳር የለመደ ሰው ቀድሞ ይናገር።

መልስ፦ ካሜራ ያዥ

ሰኞ ደሴ የምትሆኚ ከሆነ ሰኞ ገበያ እንዳያመልጥሽ። ከተማው ሁለት ነው የሚባለው ያን ቀን ነው፤ ገጠሩ ወደ ከተማ ይወጣል። እህሉ፣ በርበሬው፣ ዶሮው፣ ሸክላው፣ የቆርቆሮ ሥራው። በጠዋት ግቡ፣ ከቀትር በኋላ ገበያው መፍታት ይጀምራል። አክስትሽን ጠርዝ ላይ አንድ ሻይ ቤት አስቀምጫት፤ ውስጡ ግፊያ ነው፣ መሬቱም ወጣ ገባ ነው።

ሰዎች ደግሞ «ባቲ ሂዱ» ይሉሻል። የባቲ ገበያም ሰኞ ነው! አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ቆላ ወርደሽ ነው የምታገኚው፣ ግመል እስከማየት ድረስ። ሁለቱን በአንድ ቀን አያይዛለሁ ማለት ግን ሁለቱንም ሳያዩ መመለስ ነው። ሰፈር ማየት ነው የፈለግሽው፣ ስለዚህ ሰኞ ገበያን እመርጥልሻለሁ።

ፎቶ ስታነሺ ጠይቂ። ሰዉ እምቢ አይልም፣ ሳይጠየቅ ሲነሳ ግን ይከፋዋል። ወታደርና ኬላ ላይ ካሜራ አይወጣም፣ ይሄ ቀልድ የለውም።

መልስ፦ የሐረጎ ሹፌር

ስለ ማደሪያው እኔ ልንገርሽ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን አየሩ የሁለት አገር ነው። ደሴ ጃኬት ለብሰሽ ወጥተሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ታወልቂዋለሽ። ስለዚህ የነገረሽ ሰው አልዋሸም።

ግን ኮምቦልቻ አድረሽ ደሴን ልታዪ ከሆነ በቀን ሁለቴ ሐረጎን ልትወጪና ልትወርጂ ነው። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ከፊትሽ የተጫነ ተሳቢ ከገጠመሽ ከኋላው እየተጎተትሽ ነው የምትወጪው፤ ለመቅደም የሚሞክር ሹፌር ካለሽ ተቆጪው። ጉም ሲወርድ ደግሞ የራስሽን ኮፈን አታዪም። ደሴ እደሩ፣ ብርድ ልብስ ይጨመርልን በሉ።

ሌላው፣ ስለ መንገዱ ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ወደ ላሊበላም ረጅም ነው። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ጠዋት የገቡትን ሹፌሮች አነጋግሩ። በጨለማ አትጓዙ። ባጃጅም ቢሆን ቀን ያዙ፣ ዋጋውን ሳትስማሙ አትግቡ፤ ሰዓት የምታቆሙት ከሆነ «ኮንትራት» በሉት።

መልስ፦ የቦርከና ልጅ

ሹፌሩ ወንድሜ ኮምቦልቻን ጃኬት ማውለቂያ ብቻ አደረግካት እኮ! ልከራከርህ ነው።

ደሴ የጥንት ነገር አላት፣ አንክድም። ኮምቦልቻ ግን የሠራተኛ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚገነጠለው የከባድ መኪና መንገድ። ፋብሪካ ሲለቀቅ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ሰዉ ከየአገሩ ስለመጣ ምግቡም ወሬውም የተደባለቀ ነው። ሜዳ ስለሆነች ለአክስትሽ ጉልበት ከደሴ እኛ እንሻላለን። ማክሰኞ ከሰዓት ውረዱ፣ አመሻሹን በሞቃት አየር እየተንሸራሸራችሁ ቆዩ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚህ ነው፤ በመኪና መሄድ ካስፈራችሁ ደሴ የሚባለው በረራ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ሐውልትና ቢሮ አልፈልግም ማለትሽን ወድጄዋለሁ። ሆኖም አንድ ሁለት ቦታ ሳታዪ ከሄድሽ ሰፈሩም አይገባሽም።

አይጠየፍ አዳራሽን ተመልከቺ። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ ግብር ያበሉበት የነበረ አዳራሽ ነው። ዳገት አለው፣ አክስትሽን በባጃጅ አውጫት። ከዚያ ላይ ሆነሽ ከተማዋን ስታዪ ደሴ ለምን እዚህ እንደተቆረቆረች ይገባሻል። በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል፣ መግቢያው ጥቂት ነው። ሸዋ በር የሚለው ስምም ከዚያው ነው የሚመጣው።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ደግሞ አለ። ስሟን የወሰደው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከእቴጌ መነን እናት ነው። የዚህን ከተማ የተማረ ሰው ካገኘሽ «ስሂን ነው የተማርኩት» ይልሻል፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔም አንዱ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።

የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አስጠይቁ።

ፒያሳ ላይ ስትቆሚ ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህን ከተማ ደብድበዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ፤ በመትረየስ ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመትቷል። ከዚያ ወዲህም ከተማዋ ስንቱን አይታለች። በየሰፈሩ የምታገኚያቸው ሽማግሌዎች ጊዜ ካለሽ ይነግሩሻል፤ አንቺ ብቻ አትቸኩዪ።

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እርስዎ የነገሩኝን ማንም አልነገረኝም። እሙ ሐያት፣ አንቺማ ቤትሽ መጥቼ ቡናውን እጠጣለሁ።

ቀኑን ለወጥነው፤ እሑድ 25 እንገባለን፣ ረቡዕ 28 እንወጣለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጦሳ ላይ መውጣት ይቻላል? አክስቴ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስን ካልተሳለምኩ ብላለች።

መልስ፦ የሙጋድ ልጅ

ጦሳ ይወጣል፣ ግን አክስትሽን ሆቴል ተዪያት። በጠዋት ተነሱ፤ ረፋድ ላይ ጉም ከመጣ ከላይ የምታዩት ነጭ ነገር ብቻ ነው። መስከረም ላይ ክረምቱ ገና እየወጣ ስለሆነ መንገዱ ያንሸራትታል። የሰፈር ልጅ ይዛችሁ ውጡ፣ መንገዱን ያውቃል፣ ብቻችሁንም አትሆኑም። ለድካሙ የሚገባውን ስጡት።

ከላይ ስትሆኚ ሆጤ ሜዳን ፈልጊው። እሱን ካገኘሽ ሌላውን ሰፈር ከእሱ እየተነሳሽ ትለዪዋለሽ። ከሰዓት ላይ ሆጤ ራሱ ደስ ይላል፤ ኳስ የሚጫወት፣ የሚመለከት፣ ዝም ብሎ የሚያወራ ወጣት አይጠፋውም።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ላሊበላ የምትሄዱበት መንገድ ላይ። ስለዚህ ለብቻው ቀን አትያዙለት፤ ረቡዕ ስትወጡ ቆሙበት።

ነገር ግን ለአክስትሽ ቀድመሽ ንገሪያት። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። እዚያ ደርሳ ከምታዝን አሁን ትወቅ። ከበሩ ሆና ትሳለም፣ ሐይቁንም ትይ፤ እሱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከእናንተ ውስጥ ወንድ ካለ ግን ይግባ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ የእሳቸው ወንጌል እስከ ዛሬ ያለበት ቤት ነው። አጠገቡ የሴቶች ገዳም አለ፤ አክስትሽ እዚያ ትግባ፣ ጸበልም ታገኛለች።

መልስ፦ የሐረጎ ሹፌር

ከሐይቅ ስትወጡ ውጫሌን ታልፋላችሁ፤ የ1881ዱ ውል የተፈረመበት አካባቢ። ሻይ ለመጠጣት እዚያ ቁሙ። ከዚያ በኋላ ወልዲያ ድረስ አትዘናጉ፣ በቀን ላሊበላ መግባት አለባችሁ።

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ

ወንድ የለንም፣ ሹፌሩ ብቻ ነው! እሱ ገብቶ ይነግረናል እንግዲህ። አክስቴ ነግሬያት «ከበሩም ቢሆን ይበቃኛል» ብላለች። ሰኞ ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ሙጋድና ዓረብ ገንዳ። ማክሰኞ ማለዳ ጦሳ፣ ከዚያ አይጠየፍ፣ አመሻሽ ኮምቦልቻ። በዛ እንዴ?

መልስ፦ እሙ ሐያት

በዝቷል። ኮምቦልቻን ተይው፣ የቦርከናው ልጅ ይቀየመኝ። ጦሳ ወጥታችሁ ስትወርዱ እግራችሁ እንደማይታዘዛችሁ እኔ አውቃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ሸዋ በር ኑና ቡናው ይፈላላችሁ። ወፍራም ካልሲም ያዙ፣ የደሴ ብርድ ከእግር ነው የሚጀምረው።

መልስ፦ የቦርከና ልጅ

አልቀየምም። ግን እሑድ ስትመጡ መጀመሪያ የምታልፉት በእኛ በኩል ነው። ምሳችሁን ኮምቦልቻ ብሉ፣ ከዚያ ሐረጎን በብርሃን ትወጡታላችሁ።