ከመኪና ኋላ የሚሰካ የዕቃ መጫኛ፦ የሞከራችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ቤተሰቡን ይዘን በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። ሰባቱም ወንበሮች በሰው ተይዘዋል፤ ፖርቶመጋላ የለንም። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልንን፣ ከመኪናው የኋላ መጎተቻ (ተጎታች ከሚያያዝበት) ቀዳዳ የሚሰካ የብረት መጫኛ አወጣነው።

ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የመጫኛው ዘንግም ቀዳዳውም 2 ኢንች ነው፤ የማያያዣው ብረትም በልኩ ገብቷል። ሆኖም ጫፉን በእጄ ስነካው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተሻገርን ቁጥር ኳኳታው ልብ ያወልቃል። የሰፈራችን በያጅ «በይጄው ልገላግልሽ» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ ነገ መንቀል ብፈልግስ? ዘንጉን ከቀዳዳው ጋር በብሎን ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ አለ። እዚህ ከተማ በልኩ ያሠራ ሰው አለ? የብረቱ ውፍረትስ ስንት ይሁን?

ሌላው ክብደቱ ነው። መጫኛው ላይ 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ግራም ገደማ ተጽፏል። የመኪናው መመሪያ ደግሞ መጎተቻው ላይ ከ100 ኪሎ እንዳያልፍ ያዝዛል። ባለቤቴ ትልቁን ቁጥር ይዞ ይሟገታል (ወንድ ልጅና ሸክም!)፤ እኔ ትንሹን። መጫኛው ራሱ 25 ኪሎ ስለሆነ የሚተርፈው 75 ነው። ሸክሙ ከመጎተቻው ወደ ኋላ ስለሚርቅ ከዚያም መቀነስ ያለበት ይመስለኛል፤ በምን ያህል?

ታርጋውንና አንዱን ፍሬቻም ይሸፍናል። የማርሚታው ጭስ ደግሞ በቀጥታ ሻንጣው ላይ ይተፋል፤ በቆርቆሮ ብከልለው ይበቃል ወይስ ዘንጉን ማስረዘም ይሻላል?