የድብርት መጠይቅ ነጥብ ብቻውን ይበቃልን?

ጥያቄ፦ በምሠራበት ክሊኒክ ታካሚዎች ሐኪም ፊት ከመቅረባቸው በፊት ፒኤችኪው-9 የተባለውን ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ራሳቸው ይሞላሉ። ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣውን ሁሉ የድብርት ሕመምተኛ ብሎ መመዝገብ ተገቢ ነውን?

መልስ፦ ተገቢ አይደለም። መጠይቁ ባለፉት 2 ሳምንታት የታዩ ምልክቶችን ይለካል እንጂ መንስኤያቸውን አይናገርም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ስለሚያስይዝ፣ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ያለበት ሰው በድካም፣ በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎትና በትኩረት ጥያቄዎች ብቻ 12 ሊደርስ ይችላል። ምርመራውን የሚያጸናው ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። በዚያም ከልክ ያለፈ የመነቃቃት ጊዜ አጋጥሞት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ባይፖላር (ድብርትና ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት ሕመም) ላለበት ሰው የፀረ ድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊጎዳው ይችላልና።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ነው። ጠቅላላ ድምሩ 4 ብቻ የሆነ ሰው እዚያ ላይ 1 ካመለከተ፣ ቅጹ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት በዚያው ቀን ሊነጋገሩት ይገባል።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ማንበብ ለማይችሉትስ?

መልስ፦ ሠራተኛ ለብቻቸው ያንብብላቸው። ዘመድ አጠገባቸው ካለ፣ በተለይ 9ኛውን በእውነት ለመመለስ ይቸገራሉ።