አውራ ዶሮዬ አርጅቶ ይሆን? ከ12 እንቁላል 3 ብቻ ተፈለፈለ

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ሱሉልታ ነኝ ግቢ ውስጥ 16 ሴቶችና አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አሉኝ፣ አውራው የሐበሻ ነው ከጫጩትነቱ ያሳደግኩት አሁን 4 ዓመት ሊሞላው ነው። አምና ካቻምና ሳስታቅፍ ከ12ቱ 9ም 10ም ይፈለፈል ነበር ዘንድሮ 3 ብቻ፣ የቀሩትን እስከ 24 ቀን ጠብቄ ስሰብራቸው ሁለቱ ገልምተዋል ሌሎቹ ግን ውስጣቸው ምንም የለም። ባለቤቴ ለበዓል ይታረድ ይላል እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ፣ ጭልፊት ሲመጣ ጮሆ ሴቶቹን የሚሰበስበው እሱ ነው። አሁንም ይጮሃል ሲሰርራቸውም አያለሁ። እርጅና ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ለገጣፎ፦
እህቴ የአውራ ዶሮ ደህናው ጊዜ የመጀመሪያው 2 ዓመት ነው ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ድንገት ግን አይቆምም። መጮሁም መስረሩም ማረጋገጫ አይሆንም፣ እግሩን ካመመው ወይ በጣም ከወፈረ ይወጣና በደንብ ሳይገናኝ ይወርዳል። እስቲ እግሩን እዪው ቅርፊቱ ተነስቶ ሻክሮ ከሆነ በሳሙና አጥበሽ ቫዝሊን ቀቢው ተባይ ነው። ደሞ 16 ሴት ለሽማግሌ በጣም ይበዛል፣ ለጎረምሳውም ቢሆን 10 አካባቢ ነው የሚባለው።

የሰበታው፦
ልጄ ከማረድሽ በፊት አረጋግጪ። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ሳህን ላይ ስበሪና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ እያት፣ ትንሽ ድፍን ሆና ዳሯ የተበጣጠሰ ከሆነ ዘር አልያዘም፣ ክብ ቀለበት ከሠራች ይዟል። አንድ ሰብረሽ እንዳትፈርጂበት፣ ከተለያዩ ዶሮዎች በድምሩ 10 ያህል ስበሪ ፍርፍር ይሆናል አይባክንም። ሌላው፣ እንቁላሉን ስንት ቀን አስቀምጠሽ ነው ያስታቀፍሽው? ከሳምንት በላይ የቆየ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ እኔ ቀኑን በእርሳስ እየጻፍኩበት ነው የማስቀምጠው። ከታቀፈ በ7ኛው ቀን ደግሞ ማታ በሞባይል መብራት እዪው፣ ደም ስር ከሌለው ለምን 21 ቀን ታስደክሚያታለሽ ምስኪኗን።

ቡራዩ፦
ሴቶቹ የራሱ ልጆች አይደሉም? 4 ዓመት አንድ አውራ ካለ መቼም ልጆቹን መስረሩ አይቀርም፣ ዘመድ ከዘመድ ሲራባ የሚፈለፈለው ይቀንሳል ጫጩቱም ደካማ ይሆናል፣ ብዙ ሰው እርጅና ላይ ያሳብባል እንጂ ይሄንን አያየውም። አዲስ አውራ ስታመጪ ደግሞ ከሩቅ ሰፈር ይሁን፣ ሴቷ የድሮውን ዘር 2 ሳምንት አንዳንዴም 3 ይዛ ስለምትቆይ አዲሱ ከገባ 3 ሳምንት ሳይሞላ የተጣለውን የአዲሱ ነው ብለሽ እንዳታስታቅፊ።

የሱሉልታዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። አባቴ እንዳሉት 10 ሰበርኩ፣ ቀለበት ያለው 4 ብቻ ነው። እንቁላሉንም እውነት ለመናገር 12 እስኪሞላ ብዬ 3 ሳምንት አስቀምጫለሁ፣ ከሴቶቹም 9ኙ የራሱ ልጆች ናቸው። ጎረምሳ አውራ ከሰንዳፋ አስመጣለሁ። ገብስማውን አላርደውም፣ ልጆቹ ካልሆኑት ውስጥ ከ3 ሴቶች ጋር ለብቻው ቤት እሠራለታለሁ።

የሰበታው፦
ጥሩ አደረግሽ ልጄ። ሁለቱን አውራ ግን አንድ ግቢ እንዳትለቂያቸው፣ ጎረምሳው ይጎዳዋል። በመሀል ቆርቆሮ አድርጊ፣ በሽቦ ከተያዩም ሲፋለሙ ነው የሚውሉት።