ካሽ አውት ተጭኜ ብሩን በላኝ፣ እባካችሁ ቶሎ

የባጃጁ ልጅ፦
ወገን ቶሎ ድረሱልኝ። አሁን ነው የሆነው፣ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ለማያውቀው፣ በአውሮፕላኑ ጨዋታ አውሮፕላኑ ሲወጣ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር ያድጋል፣ በርሮ ከመጥፋቱ በፊት ካሽ አውት (የመውጫውን ቁልፍ) ካልተጫንክ ትበላለህ። 800 ብር አስይዤ 4.10 ሲል ካሽ አውት ተጫንኩ። ቁልፉ ፈዘዘ፣ ቆመ፣ ከዚያ 4.37 ላይ በረረ። ለኔ ግን ተበልተሃል ይላል። ተጭኛለሁ እኮ! 3,280 ብር ነበር የሚሰጠኝ። ብሩ ደግሞ የኔ አይደለም፣ የባጃጁ የቀን ገቢ ነው፣ ባለቤቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀበለኛል። እንዴት ነው የሚያስመልሱት? ደግሞ አንድ ልጅ በውስጥ ጽፎልኛል፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ቁጥር ቀድሞ የሚያሳይ አፕ አለኝ፣ 1,500 ብር ላክ እያለኝ ነው። ይሠራል? የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ።

ሚኪ ሞባይል፦
የስልኩን ካሽ (አፑ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽዳ፣ አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫን። የኔ ስልክ ሲንቀራፈፍ የሚፈታው እሱ ነው።

ጆሲ፦
ሚኪዬ፣ ካሹማ ጸድቷል፣ ልጁን ያስጮኸው እሱ አይደል እንዴ! አይዞህ ወንድሜ፣ የሚያውቅ ይመጣል።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጄ፣ እኔም ሹፌር ነኝ፣ ስለዚህ የሰው ገቢ ይዞ ማደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ። ጨዋታ ስላሉት ነው እንጂ ይሄ ቁማር ነው። በኛ ጊዜ ቁማርተኛ ተደብቆ ነበር የሚጫወተው። ካርታ የሚጫወቱበት ቤትም ሲመሽ ይዘጋል፣ ሰው ተገፍቶም ቢሆን ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ገባ። ተራ ስትጠብቅ፣ ነዳጅ ስትሰለፍ፣ ምሳ ስትበላ፣ ሁሌ ክፍት ነው። አንድ ዙር ደግሞ ሻይ እንኳ አያስጠጣም። ሰውዬውን አሁን ደውለህ ንገረው። ጠዋት ፊቱ ቆመህ ሰበብ ከምትፈልግ ማታ በስልክ መናገር ይሻላል።

ቤዛ፦
የባጃጁ ልጅ፣ በዳታ ነበርክ ወይስ በዋይፋይ? በራሱ እንዲወጣ ቁጥር ሞልተህ ነበር? ሂሳብህ ላይ የቀረህስ ስንት ነው?

የባጃጁ ልጅ፦
በዳታ ነኝ። ኦቶ አልሞላሁም፣ በጣቴ ነው የምጫወተው። 240 ብር ቀርታኛለች፣ በሷ ላስመልሰው እያሰብኩ ነው። ጋሼ፣ መንገርማ እነግረዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ብሩን ልሞክር።

ቤዛ፦
240ዋን አሁኑኑ አውጣት። ከዚያ ሌላውን እናወራለን።

ስለ ካሽ አውቱ ደግሞ ይኸውልህ። ስልክህ ላይ የምታየው አውሮፕላን ሥዕል ነው። ጨዋታው ያለው እነሱ ሰርቨር (ዋናው ኮምፒውተራቸው) ላይ ነው። አንተ ስትጫን ስልክህ “ልውጣ” የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሳይበር ከደረሰ ትከፈላለህ፣ ከበረረ በኋላ ከደረሰ ተበልተሃል። ቁልፉ ፈዘዘ ያልከው ዳታህ ተቆርጦ መልእክቱ መንገድ ላይ ስለቀረ ይመስለኛል። ከ4.10 እስከ 4.37 እኮ በጣም አጭር ጊዜ ነው፣ ኔትወርክ ትንሽ ከተያዘ አለቀ።

አሁን የምታደርገው፦ ያስያዝካቸው ዙሮች ዝርዝር ውስጥ ግባ፣ ያንን ዙር ፈልግ፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ስክሪንሾት አንሳ፣ ለድጋፍ ክፍሉ በጽሑፍ ላክ። ጥያቄህ አንድ ብቻ ይሁን፦ “የካሽ አውት ጥያቄዬ ሰርቨራችሁ ላይ ተመዝግቧል ወይ?” ሳይበር ከተመዘገበ መክፈል አለባቸው። ካልተመዘገበ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥህም፣ አንዳንድ አጫዋች ቤቶች ደንባቸው ላይ የኔትወርክ መቆራረጥ የተጫዋቹ ነው ብለው ጽፈዋል። ኦቶ ሞልተህ ቢሆን ቁጥሩ ቀድሞ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ዳታህ ቢጠፋም ያወጣህ ነበር።

ሚኪ ሞባይል፦
ካሹን አጸዳኸው ግን?

የባጃጁ ልጅ፦
ቤዛ አመሰግናለሁ፣ እጽፍላቸዋለሁ። ግን ኔትወርክ ብቻ አይደለም። ይሄ ነገር ብሩን ያያል። 10 ብር ሳስይዝ 30 እጥፍ ይሄዳል፣ 800 ሳስይዝ ይጥለኛል። ሁልጊዜ! ጓደኞቼም እንደዛ ነው የሚሉት።

ናሆም፦
እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ። በአንድ ዙር የሚበረው አውሮፕላን ለሁሉም አንድ ነው። አንተ 800 ስታስይዝ ሌላው 5 ብር አስይዞ ያንኑ አውሮፕላን ያያል። ያንተ ብር ስለበዛ ለብቻህ አይጥልህም። 10 ብር አስይዘህ 30 ሲሄድ “ምነው 800 ባስያዝኩ” ብለህ ስለምትቆጭ ነው ልብህ ላይ የቀረው። 10 ብር አስይዘህ 1.02 ላይ የበረረውን ማን ያስታውሰዋል?

ቤቱ አንተን ማጭበርበር አያስፈልገውም፣ ሂሳቡ ቀድሞ ተሠርቷል። ከነዚህ ጨዋታዎች በጣም የታወቀው አቪዬተር ነው፣ ስፕራይብ የሚባል የጆርጂያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው። ለተጫዋች የሚመለሰው 97 በመቶ ነው ብለው ራሳቸው ይጽፋሉ። ያ ማለት በግርድፉ 97ን ለምትፈልገው ቁጥር ስታካፍለው ከ100 ዙር ስንቱ እዚያ እንደሚደርስ ታገኛለህ። 2 ለመድረስ 48 ወይም 49። 4 ለመድረስ 24። 10 ለመድረስ ከ10 አይሞላም። ሦስት ያህሉ ደግሞ ገና ሳይነሱ 1.00 ላይ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አውሮፕላኑ 2 ላይ ካለ 4 የመድረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። 5 ላይ ካለም 10 የመድረስ ዕድሉ ያው ግማሽ ነው። “አሁንማ ሄዷል፣ ትንሽ ልጠብቅ” ስትል በየጊዜው ሳንቲም እየወረወርክ ነው።

97 በመቶ ሲሉህ ደግሞ ከኪስህ አይደለም፣ ካስያዝከው ሁሉ ነው። 50 ብር እያስያዝክ 100 ዙር ብትጫወት 5,000 ብር አገላብጠሃል። ከዚያ ላይ በአማካይ 150 ብር ለቤቱ ይቀራል። መቶ ዙር ደግሞ አንድ ከሰዓት አይፈጅም።

ዳኒ ደብል፦
እናንተ ሂሳብ ታበዛላችሁ። ልጁ 240 አለው። በ10 ይጀምር፣ 2 ላይ ይውጣ፣ ከተበላ እጥፍ ያድርግ። አንዴ ሲመጣ ሁሉንም ይመልስለታል። እኔ ሁለት ወር ሠርቼበታለሁ።

ናሆም፦
ዳኒ በ240 ብር? 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ አራቴ ከተበላ 150 ሄደ። አምስተኛው 160 ይፈልጋል፣ እጁ ላይ ያለው 90 ነው። እሺ ብዙ ብር አለው እንበል። ሰባቴ ተከታትሎ ቢበላ ድምሩ 1,270 ብር ነው፣ ለስምንተኛው 1,280 ይዞ መምጣት አለበት። ቢያሸንፍስ ትርፉ ስንት ነው? 10 ብር። ሰባቴ ተከታትሎ መበላት ከመቶ አንዴ ያህል ይመጣል። በአንድ ምሽት 200 ዙር ለሚጫወት ሰው መቶ ምንም አይደለም። ላንተ እስካሁን አልመጣብህም ማለት ነው። እባክህ ዛሬ ለዚህ ልጅ አትምከርለት።

ዳኒ ደብል፦
እኔ የሠራልኝን ነው የተናገርኩት።

የአዳማው፦
ስለ አፑ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልናገር። ወንድሜ እንዳትልክ። እኔ ልኬያለሁ። መጀመሪያ ቪዲዮ አሳዩኝ፣ 12.40 ይላል፣ 12.40 ላይ ይበራል። ካለቀ በኋላ ተቀናብሮ የተሠራ መሆኑ የገባኝ ብሬን ከላኩ በኋላ ነው። ከዚያ “በኛ ሊንክ ተመዝገብ፣ ያለዚያ አፑ አይሠራም” አሉኝ። በነሱ ሊንክ ገብተህ ስትበላ እኮ ለነሱም ድርሻ አላቸው። ቀጥሎ “ስልክህ ላይ የሚመጣውን ኮድ ላክልን” ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ኮዱን ብሰጥ ሂሳቤን ሙሉ በሙሉ ይወስዱት ነበር።

ደግሞ አንዳንድ ቻናል ለአንዱ ቡድን “ከ2 በላይ ይሄዳል” ለሌላው “ከ2 በታች ነው” ብሎ ይልካል። ግማሹ ሁሌ ልክ ይሆንለታል፣ ያ ግማሽ ነው ምስክር የሚሆንላቸው።

ቤዛ፦
የአዳማው ልክ ነህ። በአቪዬተር ለምሳሌ ውጤቱ የሚሠራው ሰርቨሩ ከደበቀው ቁጥርና በዚያ ዙር መጀመሪያ ካስያዙ ሦስት ተጫዋቾች በኩል ከሚመጣ ቁጥር ተቀላቅሎ ነው። ሦስቱ ሳያስይዙ ውጤት የለም። የሌለ ነገር በምን አፕ ይታያል? ሰርቨሩ የደበቀውን ቁጥር አሻራ (ቁጥሩን ሳይገልጥ የሚለይ ኮድ) ደግሞ አስቀድመው ያሳያሉ፣ ከዙሩ በኋላ እንዳልቀየሩት ማመሳከር ይቻላል። ግን እሱ የሚያረጋግጥልህ ቁጥሩ እንዳልተነካ ብቻ ነው። ለቤቱ የሚቀረው ሦስት በመቶ ያው ከውስጡ አለ።

የባጃጁ ልጅ፦
እሺ፣ አፑን ተውኩት። ዙሩን አግኝቼዋለሁ፣ ካሽ አውት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ስክሪንሾት ልኬያለሁ፣ “እያየነው ነው፣ ይጠብቁ” አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ፦
እየጠበቅክ ደውልለት ልጄ። “አባከንኩት፣ በየቀኑ ይህን ያህል እየጨመርኩ እከፍላለሁ” በለው፣ የምትከፍለውንም ቁጥር ተናገር። ቁጥር የሌለው ይቅርታ ሰውን ያናድዳል።

ሚኪ ሞባይል፦
ምን አሉህ?

ጆሲ፦
ወንድሜ አለህ? ደወልክለት?

ቤዛ፦
የባጃጁ ልጅ፣ መልስ ባይሰጡህም ችግር የለም። 240ዋን አወጣሃት?