ማያ ሙር በብቃቷ ጫፍ ላይ ሳለች ለምን ሜዳውን ተወች?

ጥያቄ፦ ማያ ሙር ገና በ29 ዓመቷ ከቅርጫት ኳስ የራቀችው ጉዳት ደርሶባት ነውን? የኮሌጅ ታሪኳንም የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከእ.ኤ.አ. 2007 እስከ 2011 ለኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በተጫወተችባቸው አራት የውድድር ዘመናት ቡድኑ 150 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ሲሆን፣ በ2009 እና በ2010 ብሔራዊ ዋንጫ አንሥቷል፤ እርሷም 3,036 ነጥብ አስቆጥራለች። በ2011 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ቀዳሚ ምርጫው አድርጎ የወሰዳት የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ (WNBA) ቡድን ሚኒሶታ ሊንክስ ከእርሷ ጋር አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል።

ሌላ መልስ፦ ጉዳት አልነበረም። በ2019 ውድድሩን ያቋረጠችው 50 ዓመት እስራት የተፈረደበትን ጆናታን አይረንስን ነጻ ለማውጣት ስትል ነው። ፍርዱ ተሽሮ በ2020 ከተፈታ በኋላ ተጋቡ፤ እርሷም በ2023 ጡረታ መውጣቷን በይፋ አስታወቀች። በእኔ ግምት ብትቀጥል ኖሮ አምስተኛው ዋንጫ የሚርቃት አልነበረም።