የአያቴ ሳንቲሞች ሁሉ 1936 ነው የሚሉት፤ እንዴት ልደርድራቸው?

ጀማሪዋ ከጀሞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ካረፉ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ሳንቲም ሞልቶበታል። ቆጥሬ 143 ደረስኩ። ከቤተሰቡ የፈለገው ስለሌለ ለእኔ ተረፈ። በዓመተ ምሕረት ልደርድር ብዬ ስጀምር ግን ግራ ገባኝ። የጃንሆይ ምስል ያለባቸው በሙሉ ፲፱፻፴፮ ነው የሚሉት። ይሄ ሁሉ በአንድ ዓመት ተቀረጸ እንዴ? ደግሞስ በምን ላስቀምጣቸው? ለጊዜው መታወቂያ በሚከተትበት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። ሁለት ሽልንግ በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብርቻለሁ፤ የቀሩትን ቅዳሜ ልጨርስ ነው።

የሽልንግ ወዳጅ፦
ኧረ እህቴ፣ ቅዳሜን ለሌላ ሥራ አድርጊው! ሎሚው አሲድ ነው፣ ይበላዋል። አመዱ ደግሞ ይፍቀዋል። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ በዕድሜው የለበሰው ልብስ ነው። የተፈተገ ሳንቲም ከሩቅ ያስታውቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እኔም ስጀምር አሥራ አንድ ሽልንግ በጥርስ ሳሙና አበላሽቻለሁ፤ ዛሬም ሳያቸው ያመኛል። አፈር ካለበት በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ሳታሺ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው። ስትይዢውም ፊቱን በጣትሽ አትንኪ፣ ዳሩን ያዢ።

ወደ 1936 ስንመጣ፣ ዓመቱ ቆሞ የቀረ ነው። ሳንቲሞቹ ለብዙ ዓመታት ሲቀረጹ የመጀመሪያው ቀን ሳይነካ ቀጠለ። ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው፤ ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በሞቱበት በ1780 (በፈረንጆቹ) ቆሞ ቀርቷል። ስለዚህ ዓመቱን እርሺው። መጀመሪያ በዋጋቸው ለዪ፦ አንድ ሳንቲም፣ አምስት፣ አሥር፣ ስሙኒ፣ ሽልንግ። የጃንሆይ ሽልንግ ብር ነው፣ ሌሎቹ መዳብ ናቸው። ስሙኒዎቹን ደግሞ ዳራቸውን እያየሽ ለሁለት ክፈያቸው። አንዳንዱ ድፍን ክብ ነው፣ አንዳንዱ ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ይላል። ክቡ በመጠን ከሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ ነው ኋላ ቅርጹ የተለወጠው። ሁለቱም ላይ ያው 1936 ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም።

ፒያሳ ተወልጄ፦
ያ ለስላሳ ፕላስቲክ ዛሬውኑ ይጣል። ፒቪሲ ነው። ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣል፣ መዳቡንም ይበላል። አዲስ ሸራ ሸራ የሚሸት ፕላስቲክ ካየሽ ሽሺው። ላስቲክ ማሰሪያና ጋዜጣም ብርን ያጠቁራሉ። አልበም ግዢ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ገና ምን እንዳለሽ ሳታውቂ ምን አስቸኮለሽ? እኔ ትንንሽ የወረቀት ፖስታ እጠቀማለሁ። ሳንቲሙ ሳይገባ በፊት ላዩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በጫማ ካርቶን ውስጥ እንደ መዝገብ አቆማቸዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በፖስታው አልስማማም። ሳንቲሙን ለማየት በተፈለገ ቁጥር ማውጣት ነው፤ በተወጣ ቁጥር ደግሞ ይነካል፣ ይወድቃል። እዚህ አሜሪካ መሐሉ መስኮት ያለው ባለ አራት ማዕዘን ካርቶን አለ። መስኮቱ ማይላር የሚባል ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ሳንቲሙን አይጎዳም። ሳንቲሙን መሐል አድርጎ አጥፎ በስቴፕለር መምታት ብቻ ነው። የስቴፕለሩን እግር ግን በፒንሳ ጠፍጥፊው፣ አለበለዚያ ጎረቤቱን ይቧጭራል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አስልኪ፣ ቀላል ነው። ለ143ቱም አያስፈልግም፤ ለብሮቹና ለማረኩሽ ይበቃል።

ፒያሳ ተወልጄ፦
ዘመድ እስኪመጣ ፖስታዬ ይቆያታል 😄

የሽልንግ ወዳጅ፦
ሁለታችሁም ክረምቱን ረሳችሁት። ጀሞ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ሣጥኑን ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቂው። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አካባቢም አይሁን። አዲስ ጫማ ወይም ቦርሳ ውስጥ የምትገኘዋን፣ ፍሬ ፍሬ የምትለዋን ትንሽ ከረጢት አትጣይ፤ እርጥበት የምትመጠው እሷ ናት። ሁለት ሦስቱን ሣጥኑ ውስጥ ጣል አድርጊ።

የደርግ ሳንቲሞች ካሉሽ ደግሞ ማግኔት አስጠጊባቸው። የ1969ኙ አሥር ሳንቲም ናስ ስለሆነ አይያዝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣው ያው ባለ ኒያላው አሥር ሳንቲም ግን ውስጡ ብረት ስለሆነ ጥብቅ ይላል። እነዚህ ዓመታቸው ስለሚለያይ በዓመት የመደርደር አምሮትሽን እዚያ ተወጪ።

ጀማሪዋ ከጀሞ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ሎሚው ወደ ሰላጣ ሄዷል። አሁን ስለይ አንዲት የጥፍሬን የምታክል ቀጭን መዳብ አገኘሁ። መስቀል ያለባት ትመስላለች፣ አረንጓዴ ዱቄትም ይረግፍባታል። ምን ላድርጋት?

ፒያሳ ተወልጄ፦
ለብቻዋ አድርጊያት፣ ዛሬውኑ! ያ ዱቄት የመዳብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እርጥበት ካገኘ እየበላት ይሄዳል። አትፋቂያት፣ ውሃም አታስነኪያት። ከዚያች ከረጢት ጋር ደረቅ ዕቃ ውስጥ ከድነሽ አስቀምጫት።

የሽልንግ ወዳጅ፦
መስቀሉ እውነት ከሆነ የአክሱም ልትሆን ትችላለች። ከዒዛና መጠመቅ በኋላ ሳንቲሞቻቸው ላይ መስቀል ገብቷል። እንደዚያ ከሆነች ቅርስ ናት፤ በአዋጅ 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር አትወጣም፣ መመዝገብም አለባት። ለገዢ ከማሳየትሽ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዪ። ከአያትሽ ቆርቆሮ መውጣቷን፣ እሳቸውም የት አገር ይኖሩ እንደነበር አብረሽ ጻፊ።

ጀማሪዋ ከጀሞ፦
አድዋ ነው ያደጉት። አሁኑኑ ጻፍኩት።