የቢሮ ስልካችን ከክላውድ ቮይስሜይል ጋር አልግባባ አለ፤ ድረሱልኝ!

አይቲ በግድ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ። የቢሮውን ፒቢኤክስ (የውስጥ ስልኮቹን የሚያገናኘውን ማዞሪያ) ከክላውድ ቮይስሜይል (ኢንተርኔት ላይ ካለው የድምፅ መልእክት መቀበያ) ጋር አገናኝተን ዛሬ ጠዋት ሥራ አስጀመርነው። ሠራተኛው ስልክ ካላነሳ ጥሪው ወደ ክላውዱ ይሄዳል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ደዋዩ የሠራተኛውን ሰላምታ አይሰማም። «እባክዎ የመልእክት ሳጥን ቁጥርዎን ያስገቡ» ይለዋል። ደንበኛ ምን ሳጥን አለው? ሁሉም ጆሮው ላይ ዘግቶ ይሄዳል። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል። ምን ልንካ?

ፓኬት፦
ራውተሩን አጥፍተህ አብራው።

አይቲ በግድ፦
አጥፍቼ አብርቻለሁ። ያው ነው። ደግሞ ሴት ነኝ።

ሎግ አምጡ፦
እህቴ፣ ፒቢኤክሱ ምን ዓይነት ነው? አናሎግ ነው ወይስ ሲፕ (ጥሪን በኢንተርኔት መረብ የሚያስኬደው)? መሃል ላይ ኤስቢሲ ወይም ጌትዌይ፣ ማለትም ጥሪውን ከቢሮ ወደ ውጭ የሚያሳልፍ መሣሪያ፣ አለ? ይህን ሳትነግሪን እንደ ጠንቋይ ገምቱ እያልሽን ነው።

አይቲ በግድ፦
ሲፕ ነው። ኤስቢሲ አለ። ያስገባው ድርጅት ስልክ አያነሳም።

ፓኬት፦
ቮይስሜይል ተዪላቸዋ 😂

ዝም ያለ መስመር፦
ቆይ፣ በዚህ ዘመን ቮይስሜይል ማን ይሰማል? እኔ ብሆን ያልተነሳ ጥሪ ሁሉ በኢሜይል እንዲደርስ አድርጌ እገላገል ነበር። ችግሩ ቅንብሩ ሳይሆን ሐሳቡ ነው።

አይቲ በግድ፦
ለአለቃዬ ንገርልኝ። እዚሁ ነው ያለው።

ጋሽ ሴንትራል፦
ልጆቼ፣ ይህ ችግር እናንተ ሳትወለዱም ነበር። ፒቢኤክሱና የቮይስሜይል ማሽኑ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን በቆሙበት ዘመን ድምፁ በአንድ መስመር ይሄዳል፤ «ይህ ጥሪ ለውስጥ ቁጥር 214 ነው፣ የመጣውም መስመሩ ስለተያዘ ነው» የሚለው መረጃ በሌላ። ኤስኤምዲአይ እንለው ነበር፤ በአርኤስ 232 ሲሪያል ገመድ ነው የሚሄደው። አንዱ ሲጠርግ ገመዱን ከነቀለው ድምፁ ይደርሳል፣ ማሽኑ ግን ጥሪው የማን እንደሆነ አያውቅም። ያኔ ምን ይላል? ቁጥር አስገቡ! እናንተ አሁን ገመዱን ጥላችሁ ሁሉን በአንድ ኢንቫይት (ጥሪ ማስጀመሪያ መልእክት) ውስጥ አጭቃችሁታል። የጎደለውን እዚያው ፈልጉት።

ፓኬት፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ግን ራውተሩ ላይ የሲፕ መልእክቶችን የሚነካካው ሲፕ ኤኤልጂ ታጥፏል ወይ? ሁሌም እሱ ነው።

ሎግ አምጡ፦
ሁሌም እሱ አይደለም። ኤኤልጂ ሲያበላሽ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ይሰማል፣ ወይም ጥሪው መሃል ላይ ይቋረጣል። እዚህ ድምፁ ኩልል ብሎ እየተሰማ ነው። ማጥፋቱን ታጥፋው፣ ይህን ግን አይፈታም። ጋሼ ያሉት ነው ልክ። እህቴ፣ ከኤስቢሲው ወደ ክላውዱ የሚወጣውን ኢንቫይት አሳዪን።

አይቲ በግድ፦
ይኸው፣ ዋና ዋናውን ገልብጬዋለሁ።
ፍሮም፦ የደዋዩ ሞባይል
ቱ፦ 8000
ኮዴክ (የድምፅ ኮድ ዘዴው)፦ ጂ 711
ሌላ የገባኝ ነገር የለም።

ሽቦ ፈታሽ፦
8000 የቮይስሜይሉ መግቢያ ቁጥር ነው አይደል? እንግዲያው ክላውዱ የሚያየው «አንድ ሞባይል 8000 ላይ ደወለ» የሚለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ 214 እንደተደወለ ማንም አልነገረውም። ይህን የሚነግረው ዳይቨርዥን የሚባለው ሄደር (ኢንቫይቱ ላይ ያለ የመረጃ መስመር) ነው፣ አርኤፍሲ 5806 (አርኤፍሲ ማለት የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው)። አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ የሚያነበው ሂስትሪ ኢንፎን ነው፣ አርኤፍሲ 7044። ያንቺ ክላውድ የትኛውን እንደሚፈልግ መመሪያው ላይ አለ፤ መጀመሪያ እሱን እዪ።

ከዚያ ሁለት ቦታ ፈትሺ። አንደኛ ፒቢኤክሱ ራሱ መላኩን። አስተሪስክ የሚባለው የፒቢኤክስ ሶፍትዌር ከሆነ፣ የሲፕ ክፍሉ ፒጄሲፕ ላይ «ሴንድ ዳይቨርዥን» ከመጀመሪያውም ክፍት ነው። ነገር ግን ጥሪውን በዳያልፕላን (በጥሪ መምሪያ ደንቡ) ከመራሽው ዋናውን ቁጥር «ሪዳይሬክቲንግ» በሚለው ፈንክሽን አንቺ ራስሽ መሙላት አለብሽ። ሁለተኛ ኤስቢሲው። ፒቢኤክሱ በትክክል ልኮት ኤስቢሲው መንገድ ላይ የሚቆርጠው ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያዢና አስተያዪ።

ስትሞክሪ ደግሞ ከውጭ ሞባይል ደውዪ። ከራስሽ ጠረጴዛ ከደወልሽ ክላውዱ መልእክትሽን ልትሰሚ የመጣሽ መስሎት ፒን ሊጠይቅሽ ይችላል፤ በከንቱ ትደናገሪያለሽ።

ዝም ያለ መስመር፦
ኢሜይል ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር።

አይቲ በግድ፦
ኤስቢሲው ነው የሚቆርጠው! ከፒቢኤክሱ ይመጣል፣ ሲወጣ የለም። እንዲያሳልፈው አደረግሁ። አሁን ኢንቫይቱ ላይ «ዳይቨርዥን፦ 214፣ ምክንያት፦ ኖ አንሰር» ይላል። ግን አሁንም ሳጥን ቁጥር አስገቡ እያለ ነው!!! አለቃዬ ተቀምጧል፣ ይህ ከመቆሙ ይብሳል።

ሎግ አምጡ፦
ክላውዱ ላይ የሠራተኛው ሳጥን የተመዘገበው በምንድን ነው? 214 ብሎ ነው ወይስ በሙሉ ቁጥር፣ ከነመደመር ምልክቱና ከነአገር ኮዱ?

አይቲ በግድ፦
በሙሉ ቁጥር።

ሎግ አምጡ፦
በቃ። ለክላውዱ 214 ማለት ማንም አይደለም። ኤስቢሲው ላይ ዳይቨርዥን ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጥ ደንብ ጻፊ። ልብ በዪ፣ ብዙ ኤስቢሲ ላይ የቁጥር ለውጡ ፍሮምና ቱን ብቻ ነው የሚነካው። ለዳይቨርዥን ለብቻው መጻፍ አለብሽ። መጀመሪያ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ሞክሪው።

ፓኬት፦
ከዚያ ራውተሩን...

ሎግ አምጡ፦
ፓኬት!

ቀይ መብራት፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገብቼ። እኛ ጋ ሰላምታው ትክክል ነው፣ መልእክቱም ይገባል። ግን ስልኩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት አትበራም። ደግሞ ሰው 1 ሲጫን ቮይስሜይሉ አንዳንዴ አይሰማውም።

ሽቦ ፈታሽ፦
መብራቷን የሚያበራት ኖቲፋይ የሚባል መልእክት ነው፣ አርኤፍሲ 3842። ክላውዱ ጨርሶ የማይልክ ከሆነ ከኢሜይል ማሳወቂያ ውጪ ምርጫ የለህም። የሚልክ ከሆነ ፒቢኤክሱ ሰብስክራይብ ማድረጉን (ማሳወቂያ ላክልኝ ብሎ መመዝገቡን)፣ ፋየርዎሉም ከውጭ የሚመጣውን ኖቲፋይ አለመጣሉን እይ። የ1ቱ ነገር ደግሞ ጂ 729 ተጠቅማችሁ ቶኑን ከድምፁ ጋር ስለምትልኩት ይመስለኛል። ያ ኮዴክ ቶን ያበላሻል። በሁለቱም ወገን ዲቲኤምኤፍን (የቁልፎቹን ቶን) አርኤፍሲ 4733 አድርጉት። ሜኑው ላይ 2833 የሚል ብቻ ካለ እሱን ምረጥ፤ የድሮ ስሙ ነው።

ዝም ያለ መስመር፦
አያችሁ? በመጨረሻ ኢሜይል ላይ መጣችሁ።

ሎግ አምጡ፦
አይቲ በግድ፣ ደንቡ ሠራ ወይ? ካልሠራ አዲሱን ኢንቫይት ለጥፊልን።